«ዋቅላሚ ቫይረስ ይገድላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ርዕስ ያነበበ ሰው ዓይኑን ወደ ጣና መወርወሩ አይቀርም። ሐይቁ ላይ አረንጓዴ ነገር ሞልቷላ! ቀስ እንበል።

መጀመሪያ እምቦጭን እናውጣው። እሱ አበባ የሚያወጣ ተክል እንጂ ዋቅላሚ (አልጌ) አይደለም።

ግራ የሚያጋባው «ይገድላል» የሚለው ነው። ከቀይ የባሕር ዋቅላሚ ካራጊናን የሚባል ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ሰልፌት ስላለበት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ብዙ ቫይረሶች ሴል ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ የሴሉ ገጽ ላይ ያለና እንደ ካራጊናን ኔጋቲቭ ቻርጅ የያዘ ሞለኪውል ላይ ይጣበቃሉ። ካራጊናን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ግን እሱ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። እንደ በር ጠባቂ በሉት፤ ያግዳል እንጂ አይገድልም። ቫይረሱ አንዴ ሴል ውስጥ ከገባ እምብዛም አይረዳም። በአንዳንድ አገሮች አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ሆኖ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ቢዋጥ ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አያልፍም።

ከዚህ ጋር የሚነገረው «በላቦራቶሪ ታይቷል» የሚለውም ያው ግራ ያጋባል። ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ሠራ ማለት እንጂ በሽተኛ አዳነ ማለት አይደለም። ይህን ሳይለዩ የዋቅላሚ ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዳሉ።

ወደ ሐይቁ እንመለስ፤ ጣና ላይ ከሚታዩት አረንጓዴ ነገሮች አንዱ ማይክሮሲስቲስ ነው። በልማድ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይባላል፤ በትክክል ግን ባክቴሪያ ነው። አንዳንድ ዝርያው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። አረንጓዴ ዝቃጭ የተንሳፈፈበትን ውሃ አትጠጡ፣ ከብትም አታጠጡበት።