«ሳራም» ምንድን ነው?

«ሳራም ሳልዮ!» እኛ «የሰው ያለህ!» በምንልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ውኃ ሲወስደው፣ ኮሪያዊ የሚጮኸው ይህን ነው። ሲፈታ «ሰው አድኑ» ማለት ነው። «ሳልዮ» የመጣው «መኖር» ከሚለው ግስ፣ ከ«ሳልዳ» ነው፤ ከሞት ማትረፍ በኮሪያኛ «ማኖር» ነውና። «ሳራም» (ሰው) የሚለውም ቃል ከዚያው ሥር እንደወጣ የቋንቋው አጥኚዎች በሰፊው ይስማማሉ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ከ«ሳልዳ» ላይ «-ዳ» ሲነሣ ሥሩ «ሳል» ይቀራል። ግስን ስም የሚያደርገው በ«ም» የሚያልቅ ምዕላድ ሲጨመርበት፣ በአናባቢዎች መካከል የገባው «ል» ወደ «ር» ይለወጣል። «ጁክዳ» (መሞት) «ጁግም» (ሞት) የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ «ክ» ወደ «ግ» ይላላል። ስለዚህ ሳራም በመነሻው «የሚኖር» ነው።

ብዙ ጊዜ «ሳራንግ» (ፍቅር) የዚህ ቃል ወንድም ነው ሲባል ይሰማል። ደስ ይላል፣ ግን የድሮው አጻጻፍ አይደግፈውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች «ሳራም» በመጀመሪያው ክፍለ ቃል እንደ «ሳልዳ» ተራ «አ» ሲኖረው፣ «ሳራንግ» ዛሬ የጠፋ ሌላ አናባቢ ነበረው፤ ትርጉሙም ያኔ «ማሰብ» ነበር።

ለሰው ያለው ሌላው ቃል «ኢንጋን» ከቻይንኛ የመጣ ነው፦ «ኢን» ሰው፣ «ጋን» መካከል። መጀመሪያ የሚያመለክተው ሰዎች የሚኖሩበትን ዓለም ነበር። ከአገሪቱ መሥራች ከዳንጉን አፈ ታሪክ የተወሰደው «ሆንጊክ ኢንጋን»፣ የሰውን ዓለም በሰፊው መጥቀም፣ ዛሬም በደቡብ ኮሪያ የትምህርት መሠረታዊ ሕግ ውስጥ አለ። በጽሑፍ ክብደት ያለው ይህ ቃል በንግግር ግን ይሻክራል፤ አንድን ሰው «ኢ ኢንጋን» (ይሄ ሰው) ማለት ንቀት ወይም ንዴት ነው።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቆጠራ ላይ ነው። «ሳራም» ከአገር በቀሉ ቁጥር ጋር ብቻ ይሄዳል፦ ሃን ሳራም፣ ዱ ሳራም፣ ሴ ሳራም። ከቻይንኛ የመጣውን «ሳም» (ሦስት) ይዞ «ሳም ሳራም» ማለት ስሕተት ነው። ለአክብሮት ደግሞ «ቡን» ይተካዋል፦ ስለ መምህርዎ ሲያወሩ «ክ ሳራም» ካሉ «እሱ» እንዳሉ ይቆጠራል፤ «እሳቸው» ለማለት «ክ ቡን» ይበሉ።