የሞተር ሳይክል ውድድር እንደ ሙያ፦ ከጣርማበር መንገድ ዳር ሲታይ

ፕሮፌሽናል የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ አስፓልት ላይ በመሽቀዳደም እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ውድድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዓለም ሻምፒዮናው ግን የተጀመረው በ1949 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የመጨረሻው ከፍተኛ እርከን ሞቶ ጂፒ ይባላል። ከጎኑ ሱፐርባይክ የሚባል ሌላ የዓለም ሻምፒዮና አለ። እሱ የሚካሄደው ሱቅ ውስጥ በሚሸጡ ሞተሮች ላይ ማሻሻያ እየተደረገ ሲሆን የተጀመረው በ1988 ነው።

ይህን ሙያ ሰሜን ሸዋ ላይ ሆኖ ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። አካባቢያችን ሞተር አያጣም። መንገዱ ጥምዝ በጥምዝ ነው። ደፋር ልጅማ ሞልቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ልብ ያለው ሁሉ ይሆነዋል» ብሎ ያስባል። ነገሩ ሌላ ነው። ሙያው ከልብ በፊት ትራክ ይፈልጋል። ከትራክ በፊት ደግሞ የወላጅ ኪስ።

ልዩነቱን ለማየት ሩጫን እንውሰድ። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ ውስጥ ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ከክብር ዘበኛ የወጣ፣ ሩጫውንም ዘግይቶ የጀመረ ሰው ነው። የዛሬው የሞተር ውድድር እንዲህ ያለ ታሪክ አያስተናግድም። 28 ዓመት የሞላው የሞቶ ጂፒ ተወዳዳሪ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ዓመት ያህል ሞተር ላይ አሳልፏል።

ከሕፃንነት የሚጀምር መሰላል

ስፔናዊው ማርክ ማርኬዝ የመጀመሪያ ሞተሩን ያገኘው በ4 ዓመቱ ነው። የጣሊያኑ ቫለንቲኖ ሮሲ አባት ግራዚያኖ ራሱ ተወዳዳሪ ስለነበር ቤታቸው ሞተር ብርቅ አልነበረም። ስፔንና ጣሊያን ውስጥ ለልጆች የሚሆኑ ትንንሽ ትራኮች አሉ። አባት ቅዳሜና እሁድ ልጁንና ሞተሩን መኪና ላይ ጭኖ ይሄዳል። ጎማ፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ሆቴል፣ ሁሉም ከቤተሰብ ነው የሚወጣው። እዚህ ደረጃ ላይ ማንም ለልጁ ደመወዝ አይከፍለውም።

ልጁ ጉርምስና ሲጀምር መንገዱ እየጠበበ ይመጣል። ከ2007 ጀምሮ የሚካሄደው የሬድ ቡል ሩኪስ ካፕ ለሁሉም ታዳጊ እኩል ሞተር ስለሚሰጥ ኪሱ ሳሳ ላለ ቤተሰብ ትልቅ በር ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ ፈረንሳዊው ዮሃን ዛርኮ ዛሬም ሞቶ ጂፒ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ሞቶ 3 ይመጣል፤ 250 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር። ቀጥሎ ሞቶ 2፤ ከ2019 ጀምሮ ሁሉም የሚጠቀሙት 765 ሲሲ የትራየምፍ ሞተር ነው። መጨረሻው 1000 ሲሲው ሞቶ ጂፒ ነው። እሱም በ2027 ወደ 850 ሲሲ ዝቅ እንዲል ተወስኗል።

ድሮ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ለመግባት 15 ዓመት ይበቃ ነበር። ስፔናዊው ተወዳዳሪ ሆርጌ ሎሬንዞ በ2002 ሄሬዝ ላይ የዓርቡን ልምምድ ቁጭ ብሎ ነው ያሳለፈው። ቅዳሜ 15 ዓመት ሞላው፣ ሞተሩ ላይ ወጣ። ያኔ እንደ ቀልድ ይወራ ነበር። በ2021 ግን ቀልዱ ቀረ። በዚያ አንድ ዓመት ሦስት ልጆች ትራክ ላይ ሞቱ፦ ጄሰን ዱፓስኪዬ በ19 ዓመቱ፣ ሁጎ ሚያን በ14፣ ዲን በርታ ቪኛሌስ በ15። ሚያን የሞተው በታዳጊዎች ውድድር ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2023 ጀምሮ በመርህ ደረጃ የዓለም ሻምፒዮና መግቢያ ዕድሜውን 18 አደረገው።

ሥራው ራሱ

አንድ የውድድር ሳምንት ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ የመነሻ ቦታ ማጣሪያ፣ እሁድ ዋናው ውድድር። ከ2023 ወዲህ ቅዳሜ ላይ በግማሽ ርቀት የሚካሄድ አጭር ውድድርም ተጨምሯል። ዋናው 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ ያገኛል፤ 15ኛ የወጣ 1። በ2025 ብቻ 22 ውድድሮች ነበሩ። ይህ ማለት ዓመቱን በሙሉ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ትራክ፣ አውሮፕላን።

ተመልካች የሚያየው ፍጥነቱን ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር በ2023 ሙጄሎ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ነድቷል። እኔ ግን ሙያው ያለው ፍሬኑ ላይ ነው ባይ ነኝ። በቀጥታው መንገድ ላይ ጋዝ መስጠት ማንም ይችላል። ቀጥታው ሲያልቅ ግን ከ350 ገደማ ወደ 100 ገደማ ለመውረድ 5 ወይም 6 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ተወዳዳሪው ከመስታወቱ ጀርባ ተጋድሞ ቆይቶ ድንገት ቀና ይላል። ነፋሱ ደረቱን ይመታዋል። በጣቱ የፊቱን ፍሬን ይይዛል፣ የኋላው ጎማ ከአስፓልቱ ይነሳል፣ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ክንዱ ላይ ይወድቃል። በዚያው ቅጽበት ማርሽ ይቀንሳል፣ ጉልበቱን አውጥቶ ወደ ኩርባው ያዘነብላል። ሞተሩ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲጋደም ክርኑ አስፓልት ይነካል። ፍሬኑን በአንድ ጊዜ አይለቀውም፤ እየተጋደመ ቀስ በቀስ ነው የሚለቀው። ትንሽ ቢያበዛው የፊት ጎማ ይከዳዋል። ቢያሳንሰው ደግሞ ከኋላው ያለው ሰው ሾልኮ ያልፈዋል። ይህን በእያንዳንዱ ዙር፣ በየኩርባው ይደግመዋል።

ፍሬኑ ከካርቦን የተሠራ ነው፣ ካልሞቀ አይዝም። ጎማውም እንደዚያው። ለዚህ ነው ከውድድር በፊት ጎማዎቹ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የምታዩአቸው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ላላት ደብረ ብርሃን ይህ የሚገርም አይመስለኝም።

እስቲ በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩን አቁሞ ፀሐይ የሚሞቀውን ልጅ እዩት። ነፋሱ ደረቱን እንዳይመታው ጃኬቱን በግልባጩ ለብሷል። ሄልሜቱ ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ውርጭ ባደረበት አስፓልት ላይ፣ በቀዘቀዘ ጎማ፣ የመጀመሪያዋን ኩርባ ሲታጠፍ ሞቶ ጂፒ ውስጥ ማንም የማይደፍረውን እያደረገ ነው። ሞተሩም ቢሆን ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከሩብ ያላነሰ ጉልበቱን ያጣል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ «ሞተሬ ነፍስ ዘራ» የሚል ሰው እውነቱን ነው።

ትራክ ያልሆነው መንገድ

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ውድድር ለሚወድ ሰው ዓይን ይስባል። ጥምዙ ብዙ ነው። ግን የውድድር ትራክ ጥምዝ ብቻ አይደለም። የወደቀ ሰው ተንሸራቶ የሚቆምበት ሰፊ ጠጠር አለው። በየኩርባው ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆማል። ሐኪምና አምቡላንስ በተጠንቀቅ ይጠብቃሉ። ሞቶ ጂፒ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ የሚነፋ ኤርባግ ያለው የቆዳ ልብስ ግዴታ ነው። ጣርማበር ላይ ከአስፓልቱ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው ሲኖትራክ የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው። ከታች አህያና በግ አለ። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ደግሞ ቆሎ ሻጮች መኪና እየተከተሉ ይሮጣሉ።

እውነተኛ የሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄድ ውድድርም አለ። ትልቁ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት በ1907 የተጀመረው ቲቲ ነው። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው ርቀት ገደማ ማለት ነው። ሚኒባስ ይህን ርቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄድበታል። ፒተር ሂክማን በ2023 የደሴቷን ዙር ከ17 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል፤ በአማካይ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር። በድንጋይ አጥርና በሰው ቤት በር መካከል ነው የሚነዱት። ይህ ዙር ለቲቲ ውድድር ከዋለበት ከ1911 ጀምሮ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተውበታል። ታላላቆቹ አንወዳደርም ማለት ስለጀመሩ ከ1976 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ተሰርዟል። ዛሬም ግን ይካሄዳል። የሚሳተፈው ሰው ፈልጎ ነው የሚገባው።

እዚያ 26 ጊዜ ያሸነፈው የሰሜን አየርላንዱ ጆይ ደንሎፕ መጠጥ ቤት ያለው፣ ሞተሩን በራሱ እጅ የሚፈታና የሚገጥም ዝምተኛ ሰው ነበር። በትርፍ ጊዜው መኪናው ላይ ምግብና ልብስ ጭኖ ብቻውን ሩማንያ ድረስ እየነዳ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ያደርስ ነበር። በ2000 ኢስቶኒያ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። የወንድሙ ልጅ ማይክል ደንሎፕ በ2024 የድሉን ብዛት አልፎታል።

አጥንት

የዚህን ሙያ ርዝመት የሚወስነው አጥንት ነው። አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን በ1992 አሰን ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ሊቆረጥ ተቃርቦ ነበር። እግሩ ተረፈ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን እንደ ድሮው የኋላ ፍሬን መርገጥ አልቻለም። መካኒኮቹ ፍሬኑን ወደ ግራ አውራ ጣቱ አመጡለት። ከዚያ በኋላ ከ1994 እስከ 1998 በተከታታይ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ እግራቸው ጤነኛ የሆኑ ተወዳዳሪዎችም የአውራ ጣት ፍሬን ይጠቀማሉ። አሜሪካዊው ዌይን ሬይኒ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ለአራተኛ ተከታታይ ዋንጫ ነጥብ እየመራ ሳለ በ1993 ሚዛኖ ላይ ወደቀ፣ ከደረቱ በታች ሽባ ሆነ።

የማርኬዝ ታሪክ ረጅሙ ነው። በ2013 ገና በ20 ዓመቱ ሞቶ ጂፒን አሸነፈ፤ የዚያን ጊዜ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን። እስከ 2019 ስድስት ዋንጫ ሰበሰበ። በ2020 የቀኝ ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ልመለስ ብሎ ሞከረ፣ ነገሩ ተበላሸ። አንዱ ክንድ አራት ጊዜ ተከፈተ። ከሆንዳ ጋር የነበረውን ወፍራም ኮንትራት አንድ ዓመት ሲቀረው ትቶ በ2024 ያለፈውን ዓመት ዱካቲ ወደሚነዳ ትንሽ ቡድን ሄደ። ብዙ ሰው አበደ አለው። በ2025፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሰባተኛውን የሞቶ ጂፒ ዋንጫ አነሳ።

ሳይወድቁ የሚመጣ ጉዳትም አለ። ፍሬን በመያዝ ብዛት የክንድ ጡንቻ አብጦ ደም መዘዋወሪያ ያጣል፣ ጣት ይደነዝዛል። ለዚህ ክንዳቸውን ያልተቀደዱ ተወዳዳሪዎች ጥቂት ናቸው።

ገንዘቡ

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ስንት ይከፈላቸዋል?» ይላሉ ልጆቹ ሁልጊዜ። ከላይ ያሉት ጥቂቶች ሚሊየነሮች ናቸው። ኮንትራታቸው ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው፤ ደመወዝ፣ የድል ጉርሻ፣ የሄልሜትና የልብስ ስፖንሰር ይኖረዋል። ታች ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ሞቶ 3 እና ሞቶ 2 ውስጥ ለመቀመጫው ራሱ ስፖንሰር ይዞ የሚመጣ አለ። ይህን ያህል ለፍቶ ከፋይ መሆን አይዋጥልኝም፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ስፖንሰሩ ከሄደ ወንበሩም ይሄዳል።

ከአፍሪካ

አፍሪካ ባዶ አይደለችም። በሮዴሽያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ያደገው ጋሪ ሆኪንግ በ1961 የ350 እና የ500 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ዓመት ጓደኛው ቶም ፊሊስ ማን ደሴት ላይ ሲሞት ሞተር ውድድር በቃኝ አለ። ወደ መኪና ዞረ፤ በዚያው ዓመት መኪና ውስጥ ሞተ። ጂም ሬድማን ከዚያው አገር ስድስት ዋንጫ ወስዷል። ደቡብ አፍሪካ ኮርክ ባሊንግተንን አውጥታለች፣ አራት ዋንጫ። የቅርቡ ብራድ ቢንደር ነው፤ በሩኪስ ካፕ በኩል አልፎ በ2016 የሞቶ 3 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2020 ብርኖ ላይ ሞቶ ጂፒ አሸነፈ። ሁሉም ነጮች መሆናቸውን ልብ ማለት ነው። ትራኩም ገንዘቡም ማን እጅ እንደነበር ይነግራል።

ሴቶችም ገብተዋል። ስፔናዊቷ አና ካራስኮ በ2018 ወንዶችን አሸንፋ የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ራሱን የቻለ የሴቶች የዓለም ውድድር በ2024 ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችውም እሷው ናት።

ከሞተር ሲወርዱ

አብዛኛው ሰላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያቆማል። ሮሲ በ42 ዓመቱ፣ በ2021፣ ዘጠኝ የዓለም ዋንጫ ይዞ ወረደ። አሁን መኪና ይወዳደራል፣ የራሱ የሞቶ ጂፒ ቡድንም አለው። ጆን ሰርቲስ በሞተርም በፎርሙላ 1 መኪናም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው ሰው ነው። ሬይኒ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የአሜሪካን የሞተር ሻምፒዮና ይመራል።

ከእኛ አካባቢ ወደዚህ ዓለም የሚወስድ መንገድ ካለ፣ ለእኔ የሚታየኝ በጋራዥ በኩል ነው። መካኒክ ለመሆን በ4 ዓመት መጀመር አያስፈልግም። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ልጅ ደብረ ብርሃንም መሐል ሜዳም አይጠፋም። ኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር መረጃ ማንበብ መማር ግን ግድ ነው፤ የዛሬ ሞተር ግማሹ ሶፍትዌር ነው። ዱሃንን ለአምስቱም ዋንጫ፣ ሮሲን ለሰባት ዋንጫ ያበቃው ዋና መካኒክ ጄሬሚ በርጀስ ነበር። እሱም በወጣትነቱ አውስትራሊያ ውስጥ ተወዳድሮ፣ ሻምፒዮን ሳይሆን የቀረ ሰው ነው።