አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ከጣሰ ማን ይሽረዋል?

ድሬዳዋ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃም ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ስላላት፣ «ይህ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳልና ይሻርልኝ» የሚል አቤቱታ ለዳኛው ማቅረብ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ያ ሥልጣን በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የሰበር ችሎትም የለውም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 እና 83 የመጨረሻው ወሳኝ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሐረሪ ክልል የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢኖረውም የክልል ሕግ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሲመዘን መንገዱ ያው ነው።

ሰውን የሚያደናግረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ከ11 አባላቱ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉም የዚያው ፍርድ ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፤ 6ቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ 3ቱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ናቸው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሥራው ማጣራት ነው። የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ከፍርድ ቤት የመጣን ጉዳይ ትርጉም አያስፈልገውም ካለ ግን ይመልሰዋል፤ ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

አቤቱታ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ይግባኝ መስሎ ሲጻፍ ነው። «ማስረጃዬ በትክክል አልተመዘነም» ማለት የሕገ መንግሥት ጥያቄ አይደለም። የትኛው የአዋጅ አንቀጽ የትኛውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ እንደሚጥስ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አዋጁ ፍርድ ቤት እንዳይኬድ የሚከለክል ከሆነ፣ ፍትሕ የማግኘት መብትን የያዘውን አንቀጽ 37ን።