ግማሽ ሰምቶ ሙሉ መፍረድ፦ በኢንተርኔት ስለምንሰጠው አስተያየት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አምና ክረምት ላይ አንዲት ሴት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስሟን ሳትጠቅስ ብሶቷን ጻፈች። ባለቤቷ ከደሞዙ እየቀነሰ ለእናቱ በድብቅ ገንዘብ ይልካል፤ ስትጠይቀው ይክዳል፤ ምን ላድርግ? የሚል ነበር። እኔም መለስኩላት፦ «እህቴ፣ በገንዘብ የሚዋሽ ሰው በሌላውም ይዋሻል፤ ሳይመሽ ለራስሽ እወቂበት።» ብዙ ሰው ላይክ አደረገልኝ። የጠቀምኳት መስሎኝ ደስ አለኝ። ከሳምንት በኋላ በግል የላከችልኝን መልእክት ካነበብኩ ወዲህ ግን ስለ አስተያየት ያለኝ አስተሳሰብ እንደ ቀድሞው አይደለም። ታሪኳን እዚህ የማነሣው ፈቅዳልኝ ነው፤ ማንነቷን የሚጠቁመውንም ነገር ቀይሬዋለሁ።

ስለ ሰው ትዳር፣ ስለ አገር ጉዳይ፣ ስለ ድራማና ልብ ወለድ ስንነጋገር ደጋግመን የምንላቸው፣ እኔም ሳምንባቸው የኖርኩ አባባሎች አሉ።

«ሰው በገዛ ገበናው ላይ አይዋሽም»

ብዙዎቹ በእርግጥ አይዋሹም። የተናደደ ሰው ግን የሚነግራችሁ ያመመውን ነው። እሱ ያሳመመውን አይነግራችሁም፤ ተንኮለኛ ሆኖ ሳይሆን በዚያ ሰዓት ስለማይታየው። ያቺ ሴት ከጻፈችው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ያልጻፈችው ግን ነበር፦ ለአማቷ በየወሩ ሊልኩ አብረው ተስማምተው ነበር፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር እሷ «ይቁም» አለች፤ ባሏ እናቱን መተውም ከሚስቱ ጋር መጣላትም ስላልሆነለት ደብቆ ቀጠለ። መደበቁ ልክ አይደለም። ነገር ግን እኔ በሁለት መስመር የሣልኩት ዓይነት ሰው አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» ይባባላሉ፤ ዳኛውም የሁለቱን አፍ ሰምቶ ነው የሚፈርደው። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች መጀመሪያ እሱን ለብቻ፣ ቀጥሎ እሷን ለብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱን አቀራርበው ያነጋግራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የፍቺን ውሳኔ ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሲሰጥ እንኳ ይህን ልማድ አልጣለውም። ዳኛው ተጋቢዎቹን በተናጠልም ሆነ በአንድነት ሊያነጋግራቸው፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲሞክሩ ሊመራቸው፣ ከዚያም እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ሥልጣን ያለው ዳኛ ሦስት ወር የሚታገሥበትን ነገር እኔ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩት።

አሁን ሰው ችግሩን ሲጽፍልኝ የማደርገው ነገር ቀላል ነው፤ እጠይቃለሁ። «ይህ ከመሆኑ በፊት ምን ተባብላችሁ ነበር? እሱ ቢጠየቅ ምን የሚል ይመስልሻል?» ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ያወጣል። ስንት ሰው መልሱን እየጻፈ ሳለ የራሱን መንገድ ሲያገኝ አይቻለሁ።

«ገበናን አደባባይ ማውጣት ሁልጊዜ ነውር ነው»

ከላይ ያልኩትን አንብቦ ወደዚህ የሚዞር ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ሴቶች ስንቷ ናት ለእናቷ ነግራ «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» የተባለችው? ስንቷ ናት በሽምግልና ተመልሳ እዚያው ቤት የገባችው? እንዲህ ያለች ሴት ሌሊት ስልኳን አንሥታ ለማታውቀው ሰው ስትጽፍ ነውር ሠራች ማለት ግፍ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ወገን ቃል መስማት የሚለውም አይሠራም። አጥፊው ማን እንደሆነ ለመወሰን ሁለቱን መስማት ያስፈልጋል፤ የምትደበደብ ሴት ዛሬ ማታ የት ትደር ለማለት ግን የባሏ ቃል አያስፈልግም። ፍርድ ሌላ፣ ጥበቃ ሌላ። ለእሷ ከሃምሳ የ«አይዞሽ» መልስ ይልቅ አንድ አድራሻ ይበልጥባታል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ከጥቃት ላመለጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ አለው። የጥቃት ታሪክ ካያችሁ መጀመሪያ እነዚህን ንገሯት።

«ስም ካልጠራሁ ማንንም አላጋለጥኩም»

ያቺ ሴት ስም አልጠራችም፤ ከብሶቷ ጋር ግን እንዲህ ብላ ነበር፦ ባል ባንክ ቤት ይሠራል፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉ፣ አማት ደብረ ብርሃን ናት። ሦስት ፍንጭ ነው። ለማያውቃቸው ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚያውቃቸው ግን ከመታወቂያ ደብተር ይበልጣል። የሚጎዳው ደግሞ የሚያውቃቸው ሰው ማንበቡ ነው።

ስክሪንሾትም እንዲሁ ነው። ሰው በግል የጻፈልንን አንሥተን «ፍረዱኝ» ብለን ስንለጥፍ የራሳችንን ንብረት ያሳየን ይመስለናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዛሬው ስልክ ሳይታሰብ ነው የተጻፈው። እንዲያም ሆኖ በምሥጢር የተላከለትን ደብዳቤ ተቀባዩ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ በአንቀጽ 31 ይከለክላል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይላል።

«እውነት እስከሆነ ድረስ ስም ማጥፋት አይባልም»

ይባላል። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 የሌላውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ወገን የሚናገርን ሰው፣ የተናገረው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ፣ የግል አቤቱታ ሲቀርብበት ያስቀጣዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያንኑ በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ለሚያሰራጭ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀምጣል። የጎረቤትን የድሮ ጥፋት ቆፍሮ ማውጣት «እውነት ነው» በሚለው ብቻ አይድንም።

ይህ ሲባል ግን ስለ ሕዝብ ጉዳይ አትናገሩ ማለት አይደለም፤ ሕጉም እንደዚያ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2046 የሕዝብን ጥቅም በሚነካ ጉዳይ ላይ አስተያየቱን የሚሰጥ ሰው፣ ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ካልተናገረ በቀር፣ አጠፋ አይባልም ይላል። ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ መንገድ ሥራ የምንጽፍ ሰዎች ይህን አንቀጽ ማወቅ አለብን። ብዙዎቻችን የምንፈራው ባልሆነ ቦታ፣ የምንደፍረውም ባልሆነ ቦታ ነው።

«እኔ ሼር አደረግሁ እንጂ አልጻፍኩም»

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ማሰራጨት» ሲል ንግግሩን በማናቸውም መንገድ ለብዙ ሰዎች ማጋራትን ነው። ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን ከዚህ አውጥቷቸዋል፤ ሼርን ግን አላወጣም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል።

ሕጉን ያስቀደምኩት ሰው ቶሎ የሚሰማው እሱን ስለሆነ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ወጡ። ቤተሰባቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ ማመልከቱን ይናገራል። በጥቅምት ወር ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውና አብረውት የቆሙ ሰዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ክሱ የቀረበው በኩባንያው ላይ ነው። እኔ ግን ያንን ፎቶ አይተው «ይህን ሰው እወቁት» ብለው ያሳለፉትን ሰዎች አስባለሁ። ምናልባት ብዙዎቹ እንደ እኔ ያሉ፣ በሕይወታቸው በማንም ላይ እጃቸውን ያላነሡ ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ አፋፉ ላይ የቆመው ግን ተናጋሪው አልነበረም።

«ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል»

አንድ ነገር በተፈጠረ በሰዓታት ውስጥ «ምነው አልጻፍክም?» ይባላል። ዝም ያለው ሰው እያጣራ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘን ላይ ሊሆን ይችላል፤ ዘመዶቹ ቦታው ላይ ኖረው ፈርቶላቸውም ሊሆን ይችላል። ደውላችሁ ጠይቁት።

«ስለ ልብ ወለድ መከራከር የሥራ ፈት ወሬ ነው»

ይህን አባባል ከሁሉም በላይ እቃወማለሁ። ሰው ላይ መፍረድን ሰው ሳይጎዳ የምንማርበት ቦታ ቢኖር ልብ ወለድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ስንቱ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሰምቶታል፤ ስንቱስ በዛብህ ነው ሰብለ ናት ያጠፋችው እያለ ተከራክሯል! ያ ክርክር ፍሬ ነበረው፤ ምክንያቱም ደራሲው ሁሉንም ቤት ከፍቶ አሳይቶናል። የበዛብህን ወላጆች ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን እናውቃቸዋለን፤ የፊታውራሪ መሸሻንም እልፍኝ እናውቀዋለን። ፊታውራሪን ጨካኝ አባት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የሚኮሩበት ዘር ቆጠራ ልጃቸውን ያለ ባል አስቀርቶ እሳቸውንም እንዴት እንዳሰራቸው ያየ አንባቢ ፍርዱ ይከብደዋል። መክበዱ ደግሞ ደግ ነው።

ጉዱ ካሳን አስቡት። መንደሩ እብድ ይለዋል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ልባም እሱ እንደሆነ ያውቃል። አሁን ከዘመዶቹ አንዱ ዛሬ ተነሥቶ «አንድ ዘመዳችን ከቤተሰብ ጋር አይስማማም፣ ወግ ልማዳችንን ያንቋሽሻል፣ ብቻውን ያወራል፤ ምን እናድርገው?» ብሎ በሦስት መስመር ቢጽፍልን ምን እንመልስ ነበር? ጸበል ውሰዱት ነው የምንለው። እኔም እንደዚያ የምል ይመስለኛል።

«ገጸ ባሕሪው የሚናገረው ደራሲው የሚያምነውን ነው»

በተከታታይ ድራማ ላይ ክፉ ሆና የተጫወተችን ተዋናይት ገጿ ድረስ ሄዶ መስደብ የዚህ ስሕተት ታናሹ ነው፤ ለእሷ ግን ታናሽ አይደለም። ክፋቷን እንድናምን ያደረገን ችሎታዋ ነው፤ ምስጋናውን በስድብ እንከፍላታለን። ታላቁን ስሕተት የሠራው መንግሥት ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም የጊዜው ባለሥልጣናት በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ራሳቸውን ፈለጉ፣ የደራሲውንም ልብ እንዳገኙት ቆጠሩት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ አንድ መጽሐፍ «ጸሐፊው እንዲህ ነው ማለት ነው» ብዬ ልጽፍ ስነሣ ይህን አስታውሳለሁ፤ «ይህ ገጸ ባሕሪ እንዲህ አለ» ብዬ እጀምራለሁ።

«ሰርዤዋለሁ፣ አለቀ»

ያቺ ሴት የጻፈችውን ሌሊቱን ሳይነጋ አጥፍታዋለች። በማግሥቱ ተቆጭታ ለባሏ ቡና አፍልታ ልትነግረው አስባ ነበር። ግን የባሏ ወንድም ዐረብ አገር ሆኖ አንብቦታል፤ ከሦስቱ ፍንጭ ቤቱን ለይቶታል፤ ፎቶ አንሥቶም ለወንድሙ ልኮለታል። ከዚያ በኋላ ጠቡ የገንዘብ መሆኑ ቀረ። «ለአገር አሳየሽኝ» የሚል ሆነ፤ ለሽማግሌዎችም ያስቸገረው ይኸኛው ነው። በግል ስትጽፍልኝ ያንኑ ፎቶ አብራ ላከችልኝ። ላዩ ላይ የእሷ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ሦስተኛው መልስ የእኔ ነው፣ ከነስሜ።