በውሃ የሚጫወተው ሕንጻው ነው

ፊልም ኤዲቲንግ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የስፔናዊውን ፊልም ሠሪ የሆሴ ቫል ዴል ኦማርን «አጓኤስፔሆ ግራናዲኖ» አሳያለሁ። ስሙ የግራናዳ የውሃ መስታወት እንደማለት ነው። ከ1953 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ስፔን ግራናዳ ውስጥ ባለው የሙሮች (የመካከለኛው ዘመን ስፔን ሙስሊሞች) ቤተ መንግሥት፣ በአልሃምብራ ላይ ያተኮረ አጭር ኤክስፐርመንታል ፊልም ነው፤ የተለመደውን የፊልም አሠራር አይከተልም። መብራቱ ሲበራ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ይህን የመሰለ ሕንጻ በደንብ ማሳየት ሲችል ለምን በውሃ ይጫወታል?»

ሰለቸኝ። በውሃ መጫወት የጀመረው ፊልሙ አይደለም፤ ሕንጻው ነው።

አልሃምብራ ውስጥ ያለውን የኮማሬስን ግቢ እዩት። መሃሉ ላይ ረጅም ገንዳ አለ። ውሃው የሚገባው በሁለቱ ጫፍ ካሉ ክብ የእብነበረድ ሳህኖች ነው። እዚያ ረገብ ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል። የገንዳው ፊት እንዳይናወጥ፣ ግንቡም ተገልብጦ እንዲታይ ነው። ጫፉ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ነፋስ ሽው ሲል ግንቡ ይሰባበራል፤ ነፋሱ ሲቆም ተመልሶ ይገጣጠማል።

ወደ አንበሶቹ ግቢ እንለፍ። 12ቱ አንበሶች የከበቡት ገንዳ ጠርዝ ላይ የኢብን ዘምረክ ግጥም ተቀርጿል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ውሃውና እብነበረዱ ተመሳስለው፣ የሚፈሰው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል ይላል። ቫል ዴል ኦማር የፏፏቴውን ውሃ ሲያዘገይና ሲያፈጥን ያንኑ ነገር በካሜራ እየተናገረ ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ሕንጻውን የተወው?

«ኤክስፐርመንታል ማለት እንደመጣ መቅረጽ ነው» የሚሉም አሉ። ሰውየው ድምፅ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከተመልካቹ ጀርባም እንዲመጣ «ዲያፎኒ» ያለውን ዘዴ ፈልስፏል። እንደመጣ የሚሠራ ሰው ለዚህ አይደክምም።

ስለ ሕንጻውና ስለ ሠሪዎቹም የምሰማው ስህተት ብዙ ነው። «ሙሮች ከዓረብ ምድር የመጡ አንድ ሕዝብ ናቸው።» አይደሉም። ብዙዎቹ የሰሜን አፍሪካ በርበሮች ነበሩ፤ እዚያው ስፔን ተወልደው የሰለሙም አሉ።

«ሁሉም እብነበረድ ነው።» ዓምዶቹ አዎ። ዳንቴል የሚመስለው የግድግዳ ጌጥ ግን አብዛኛው ጄሶ ነው። ስትቀርጹት ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ፊት ለፊት ካበራችሁበት ጠፍጣፋ ይሆናል። ካሜራውንም አታሯሩጡት። አንድ ቦታ አቁሙትና ጥላው ሲንቀሳቀስ ጠብቁ።

«ኡድ (የዓረቦቹ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ካልገባበት የሙር አይመስልም» የሚለውን አንድ ተማሪዬም ያምን ነበር። ከአልሃምብራ ቀርጾ ያመጣውን ከዳር እስከ ዳር ኡድ ሞልቶበት ነበር። ሙዚቃውን አጥፋው አልኩት። ከሥሩ የውሃ ድምፅ ወጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ረጅም መንፏፏት። ዝም ብሎ ሰማ። ሙዚቃውን ሰረዘና በጠብታው ምት ከመጀመሪያው ኤዲት ማድረግ ጀመረ።