ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ምንድን ነው? ትምህርት ሲያልቅስ ምን ይሠራል?

ስሙ ያሳስታል። «ኦኪዩፔሽን» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሥራና ደመወዝ ነው። እዚህ ግን ቃሉ ሰፋ ይላል። ልብስ መልበስ፣ ምግብ ማብሰል፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ ቀናችንን የሚሞላው ነገር ሁሉ ይገባበታል። ባለሙያዋ የምታግዘው ሰው እነዚህን ለእሱ በሚመች መንገድ እንዲሠራ ነው።

ትምህርት ቤት እያለን ብዙ ነገር ሌላ ሰው ያስብልናል። ደወል ይደወላል፣ አስተማሪ ያስታውሳል፣ ሰርቪስ ከበር ይወስዳል። ትምህርት ሲያልቅ ይህ ሁሉ ባንዴ ቀጥ ይላል። አካል ጉዳት ላለበት ወጣት ደግሞ ይብስበታል። አሜሪካ ውስጥ «አይዲኢኤ» የሚባለው የልዩ ትምህርት ሕግ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ተማሪው 16 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ላለው ሕይወት ዕቅድ እንዲወጣለት ያዛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ 16ም ረፍዷል።

አንዲት ወጣት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራት ፈለገች እንበል። መጽሐፍ መደርደሩን ትችልበታለች። የቸገራት አውቶቡሱ ነው። ቴራፒስቷ ጉዞውን ትበታትነዋለች፦ በሰዓቱ መውጣት፣ ቁጥሩን መለየት፣ መክፈል፣ መውረጃን ማወቅ። ከዚያ አብራት ትሳፈራለች። ለካ ልጅቷ ቁጥሩን አልተሳሳተችም፤ ጫጫታው ሲበዛባት ነው መውረጃዋ የሚያልፋት። ስለዚህ ድምፅ የሚቀንስ ማዳመጫ ታደርጋለች፣ ፌርማታው ሲቃረብ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። ቢያልፋትስ? እሱንም ይለማመዱታል፤ አንድ ቀን ሆን ብለው አልፈው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ቴራፒስቷ ራቅ ብላ ከኋላ ትቀመጣለች። ሌላ ቀን መውረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። በመጨረሻ ልጅቷ ብቻዋን ትሄዳለች።

ሥራ ቦታውም ይታያል። የመደርደሪያው ከፍታ፣ በሥዕል የተዘጋጀ የሥራ ዝርዝር፣ የዕረፍት ሰዓት። ከሁሉም ችላ የሚባለው ግን «ጫጫታ ይረብሸኛል፣ ጥግ ላይ ብሆን ይሻለኛል» ብሎ አለቃን መጠየቅ ነው። ይህም ልምምድ ይፈልጋል።

ቅጥር ማፈላለግ ግን የቴራፒስቷ ዋና ሥራ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ባለሙያ አለ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች እሷን የሚያውቋት በትንንሽ ልጆች የእጅ ጽሑፍ ነው። ልጁ ከፍ ሲል ይረሷታል። ወላጅ ከሆናችሁ ስለ ልጃችሁ ዕቅድ ትምህርት ቤቱ በሚጠራው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንድትገኝ ጠይቁ። ስለ እጅ ጽሑፉ ከማውራታችሁ በፊትም «ልጄ ብቻውን የት የት መሄድ ይችላል?» በሏት።