ሴት ርዕሳነ መምህራን ለምን አነሱ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሴት ርዕሳነ መምህራን ቁጥር ለምን አነስተኛ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ ከመምህራንም፣ ከወላጆችም፣ ከኃላፊዎችም ተመሳሳይ መልሶች ይሰጣሉ። መልሶቹ ሲሰሙ እውነት ይመስላሉ፤ ሲፈተሹ ግን አይጸኑም።

«መምህራኑ ሴቶች ከሆኑ፣ ጊዜው ሲደርስ አመራሩም ወደ እነሱ ይመጣል»

ጊዜ ብቻውን ይህን አያመጣም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባካሄደው የመምህራን ጥናት፣ በአባል አገሮቹ በአማካይ ከመምህራኑ 68 በመቶው ሴቶች ነበሩ፤ ከርዕሳነ መምህራኑ ግን 47 በመቶው ብቻ። ጃፓን ውስጥ ሴት ርዕሳነ መምህራን 7 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ላትቪያ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ነበሩ። ነገሩ የሴት ልጅ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ከአገር አገር ይህን ያህል ባልተራራቀ ነበር።

«ሴቶች ራሳቸው አይፈልጉትም፤ ማስታወቂያ ሲወጣ አያመለክቱም»

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይህ ነው፤ በጣም የሚያሳዝነኝም እሱው ነው። አለማመልከት አለመፈለግ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ «በበጀትና በሰው ኃይል አስተዳደር ልምድ ያለው» ይላል። ያ ልምድ የተገኘው ግን ከዓመታት በፊት ነው። በአንድ ቀን የተቀጠሩ ሁለት መምህራንን አስቡ። እሱ የክፍለ ጊዜ ድልድል እንዲሠራ፣ የግዢ ኮሚቴ ውስጥ እንዲገባ፣ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ስብሰባ እንዲሄድ ይታዘዛል። እሷ ትንንሾቹን ክፍሎች ትይዛለች፣ የወላጆች ቀን ዝግጅት ታስተባብራለች፣ የታመመ ልጅ ታስታምማለች። የመምህራን ስብሰባ ሲጀመር የቃለ ጉባኤው ደብተር ወደ ማን እንደሚገፋ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩ። ያለ እሷ ሥራ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት አይዘልቅም፤ የማመልከቻው ቅጽ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እሱን ደግሞ ኃላፊው ኮሪደር ላይ አግኝቶ «ለምን አታመለክትም?» ይለዋል። እሷን እንዲህ ያላት ሰው የለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ቦርድ ላይ ከመለጠፉ በፊት ምርጫው በአብዛኛው አልቋል።

«ልጆች ያሏት ሴት ለኃላፊነት ጊዜ አይኖራትም»

ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል?» ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት። ከእሷ ቀጥሎ የሚገባው የሦስት ልጆች አባት ስለ ዕቅዱ ይጠየቃል። ይህ አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በግልጽ ደንብ ሆኖ ተጽፎ ነበር። አየርላንድ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ሴት መምህራን ሲያገቡ ሥራ እንዲለቁ የሚያስገድደው ደንብ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ደንቡ ቢሻርም ልማዱ በሥራ ሰዓት ውስጥ ዘልቋል፦ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚጠሩ ስብሰባዎች፣ ዕድገት ያገኘ ሁሉ ርቆ እንዲመደብ የሚያደርጉ አሠራሮች። እነዚህ ሰው ያወጣቸው ናቸው፤ ሰው ሊቀይራቸው ይችላል።

«ተማሪ ሴት አይፈራም»

ትምህርት ቤት በፍርሃት አይመራም። ቆፍጠን ያለች ሴት «ክፉ» ስትባል፣ ለስለስ ያለችው «ደካማ» ትባላለች፤ እንዲህ በሁለት በኩል የሚቆርጥ መለኪያ ወንዱ ላይ አይወጣም።

«የሴት ጠላቷ ሴት ናት»

ለሴት የተተወው ወንበር አንድ ብቻ ሲሆን ለእሱ መፎካከር ይኖራል። ወንዶች ለአንድ ቦታ ሲሻኮቱ ግን «የወንድ ጠላቱ ወንድ ነው» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«ምክትል ሆናለች እኮ፤ ቀጣዩ እሷ ናት»

ምክትልነት ሁልጊዜ ወደ ላይ አያደርስም። ሴቷ ምክትል ብዙ ጊዜ የተማሪዎችን ጉዳይ ትይዛለች፤ ገንዘቡና አስተዳደሩ የሌላው ነው። አንዲት የማውቃት ምክትል፣ ርዕሰ መምህሩ ሲለቅ የትምህርት ዘመኑን ሙሉ በተጠባባቂነት መራች። ፈተናውንም፣ ምዝገባውንም፣ የመምህራኑንም ቅሬታ ተወጥታ አሳለፈች። ክረምት ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት አንድ ወንድ ተመድቦ መጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈችው ቁልፎቹን እያስረከበችና የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ እያሳየችው ነበር።